ሁለቱ «ቻ»

ከቤጋ ቦይ ዳር ነው፣ ቲሚሾዋራ ላይ፣
እርጥበት የበላው ቤት፣ አራት ፎቅ ወደ ላይ፤
ደረጃው ያውቃቸዋል በየኮቴያቸው፣
አምስቱን ቤተሰብ፣ ከነዐመላቸው።

ፒሮሽካ ከታች ናት፣ ፒያኖ ቃኚዋ፣
ያንኑ አንድ ድምፅ ስትመታ ትውላለች በጣቷ፤
እስኪቃና ድረስ፣ የሰው ጥርስ እስኪያልቅ።
ስቬቶዛር፣ ሰርቡ፣ ዓሣ ይጠብሳል፤ ሽታው ጣራ ይነካል፤
ሌላው የገና ዛፉን ሲጥል፣ የሱ ገና፣ ገና ነው።
ቫልተር፣ ጀርመኑ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃ ይጠርጋል፣
ያልጠረገውን ሰው ስም ጽፎ ይለጥፋል።
ላካቱሾች ሮማኒ ናቸው፤ ማቴይ ትራም ይነዳል፤
ታላቋን ሲድሩ ሁለት ሌሊት ክላርኔት ተነፋ፣ ሕንፃው እንቅልፍ አጣ፤
በሦስተኛው ቀን ግን በየበሩ ሣህን ሙሉ ኬክ መጣ።
የውሃውን ሒሳብ ሰብሳቢ፣ የመዝገቡ ጌታ፣
ሊቪዩ ነው፤ ብዕሩን ከጆሮው አያወርድም።

ሁሉም ችሎ ኖረ። ፍቅር ነው አልልም፤
(ቫልተርን ማን ወዶት!) ግን ቂም አላደረም።
መስኮት ይዘጋል፣ ጥጥ በጆሮ ይከተታል፣
በነጋታው ደግሞ «እንደምን አደርክ» ይባላል።

ኮርኔል በመስከረም ገባ፣ አራተኛ ፎቅ።
ጨዋ ልጅ። ፕሪም በቅርጫት ያድላል፣
ፒሮሽካ ስትመጣ በር ይይዝላታል።
አንድ ሰኞ ንጋት ግን፣ የላካቱሾች በር ላይ፣
ቀይ ቀለም፣ አንዲት ቃል፦
«ውጡ!»
ትንሿ ዛምፊራ ማንበብ የጀመረችው በዚያው ወር ነው፤
ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቅማ፣
ጮክ ብላ አነበበችው።

ስብሰባው ምድር ቤት፣ ቦይለሩ አጠገብ ሆነ።
ኮርኔል አልካደም። እጁን ኪሱ ከቶ፦
«የሱን ዓሣ ችያለሁ፣ የሷንም ጩኸት፤
እናንተም የኔን ሐሳብ ቻሉልኝ፤ ይኸው ነው እኩልነት።»
ማንም አልመለሰለት። ቧንቧው ብቻ አጉረመረመ።
ሊቪዩም ብዕሩን አወረደ፤ እንደ ልማዱ፣
ከተቃጠለው አምፖልና ከጣራው ፍሳሽ መሐል
«የአቶ ኮርኔል አስተያየት» ብሎ መዘገበ።

ፒሮሽካ ከወንበሯ አልተነሣችም።
«ዓሣው ሲሸተኝ» አለች፣ «መስኮቴን እዘጋለሁ፤
ክላርኔቱ ሲበዛብኝ ጥጥ እፈልጋለሁ።
ለዚህ ለጻፍከው ግን፣ ልጄ፣ ማቴይ የቱን ይዝጋ?
የጻፍከው እኮ በሩ ላይ ነው።»

በኛ ቋንቋ «መቻቻል» ሁለት «ቻ» አለው፤
አንዱ ያንተ ነው፣ አንዱ የሌላው።
አንዱን ብትነጥቀው «መቻል» ብቻ ይቀራል፤
ያማ የበሬ ነው፤ ከቀንበር ሥር ይኖራል።
ሆድ ከሀገር ይሰፋል ይላል ሰው፤ እሺ፣ ይስፋ፤
ምነው ታዲያ ሁልጊዜ የማቴይ ሆድ ብቻ ተገፋ?
ወሰኑ የት ድረስ ነው ብትሉኝ፣ በሜትር አላውቅም፤
አፍንጫን ያልፋል፣ ጆሮን ያልፋል፣
ደጃፍን ግን አያልፍም።

እጅ ወጣ። የቫልተር ቀድሞ፤
የስቬቶዛር አልወጣም። ፕሪሙ ይጣፍጠው ነበር።
እስካሁን ማንም አልጠየቀውም።

ኮርኔል አኳራጅና ጨርቅ ይዞ ፈተገው፣ እስኪመሽ፤
ቀዩ ወደ ሮዝ ዞረ እንጂ ከእንጨቱ አልወጣም።
ማቴይ በአረንጓዴ ቀባው። ዝናብ ሲከርም ግን
ፊደሎቹ ከሥር ያብጣሉ፤
ዛምፊራ ቁልፍ ስታዞር በጣቷ ትዳስሳቸዋለች።

ሊቪዩ በዚያች ሌሊት መዝገቡን ከፈተ፣
«አስተያየት» የሚለውን ሁለቴ ሠረዘ፤
በቦታው የሚጽፈውን ቃል አጣ።
ብዙ ቆየ።
ከዚያ፣ ከሥሩ፦
«አምፖል፣ አንድ። ሦስተኛ ፎቅ።»